የቦሎ ሰሞን

ሶማሌ ተራ ላይ ዋጋውን ብጠይቅ፣
ወልደሰንበት ሰማኝ፣ ጀመረ መሳቅ።
«አዲስ ማጣሪያ ማለት የሦስት ወር ገቢህ ነው፤
ይልቅ ስማኝ ወንድሜ፣ ሆዱን አውጣና ጥለው።»

ናፍታ የምትጠጣ አሮጊት ሚኒባስ
ጥቀርሻዋን አምቃ ሽቅብ ስትተነፍስ፣
ማጣሪያዋ ታፍኖ፣ ቸርችልን ሳትወጣ፣
ስንቱ ተሳፋሪ ወርዶ በእግር መጣ!

እሑድ ማታ ሠራሁት፣ ጌጃ ሰፈር ጓሮ፣
ባትሪዬን ነክሼ፤ ብሎኑ ዝጎ ኖሮ
አንጓዬን ላጠልኝ።
የንብ ቀፎ የሚመስለውን ከማርሚታው ሳብኩት፤
በቦታው የልጄን የወተት ጣሳ፣
ታችና ላዩን በላሜራ መቀስ ቆርጬ፣ ሰካሁ።
ልክክ አለ።
ከዚያ ወዲህ ጭሷ የሷ አይደለም፤ የሀገር ነው።

ማታውኑ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣
ዓይን የሚመስል ነገር፣ በስሜ የሚጣራ፤
ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩበት።
ሲጨልም ብቻ በጠርዙ በኩል ይወጣል፤
እንደ በር ሥር ብርሃን፣ «አልተኛሁም» ይላል።

ሰኞ ዳገቱን ስንይዝ ወይፈን ሆነች!
«ምን አበላሃት ዛሬ?» አለኝ ረዳቴ ሽብሩ፣
ግማሽ ገላው ውጭ፣ ግማሹ ከበሩ።
በመስታወት ኋላዬን አየሁ፦
ፖስታ ቤቱ የለም፤ ጥቁር መጋረጃ ነው።
ሎተሪ አዟሪዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ስትይዝ አየሁ፤
ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ።

በዓመት አንዴ ታዲያ፣ ቦሎ ሲደርስ ጊዜው፣
ጣሳውን አውጥቼ፣ የድሮውን ይዤው፣
መልሼ ሰክቼ መርማሪው ፊት እቆማለሁ።
ቱቦዋ ውስጥ ዘንግ ይገባል፤ ቁጥር ይወጣል፤ ማኅተም።
የአንድ ሰዓት ጻድቃን ነን፣ እኔና እሷ።
ከቀትር በኋላ ጓሮ ገብተን
ወደ ልማዳችን።

ዘንድሮ ስፈታው ግን ጣሳውን አገላብጬ አየሁት።
የሚስቅ ሕፃን ነበረበት፣ ጉንጨ ሙሉ፤
ስቆርጠው ልብ አላልኩም።
አሁን ከግንባሩ በታች ጥቀርሻ ነው።
ጨርቅ ቤንዚን ነክሬ አሸሁት፣ ደጋግሜ፤
ጭሱ ለቀቀ።
ሕፃኑም አብሮ ለቀቀ።

ቦሎው ተለጥፏል። ጣሳው ወንበሬ ሥር
ባዶውን ያብረቀርቃል፤ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር
ተንከባሎ መጥቶ ተረከዜን ይነካል።
«ፒያሳ! አንድ ሰው!» ይላል ሽብሩ።
ዳገቱ ከፊቴ ነው፤
እሷም ከወዲሁ ማቃሰት ጀምራለች።