ስድስት እርምጃ

ሰኞ ከወረዳው ጠርተውኝ መስኮት ሦስት ፊት ቆምኩ።
«የቤት ቁጥር?» አለ ልጁ። «አምስት መቶ ሰባት» አልኩ።
«አፍንጮ በር አንድ የቀበሌ ቤት ተለቋል፤ ሁለት ክፍል፣
ሽንት ቤቱ ከውስጥ። እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ለሌላ ይተላለፋል።»
ቀና ሳይል ጨመረበት፣ ማህተሙን እያሸ በቀለም፣
«የናንተም ሰፈር ይነሳል ይላሉ። እኔ ግን አላልኩም።»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሠራተኛ ሰፈር ተወልጄ፣
ስምንት ብር ከሃምሳ ኪራይ በየወሩ ከፍዬ በእጄ፣
ደረሰኙን በሚስማር ሰክቼ፣
ጣሪያው የሚያፈስበትን እንደ ጸሎት ሸምድጄ፦
አንድ ባልዲ ከአልጋው ግርጌ፣ አንድ ሳፋ ከቁም ሳጥኑ ሥር፤
ሦስተኛው ቀዳዳ ግን በየክረምቱ ነው የሚዞር።

ለአሥራ አራት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነው ያለን።
ቁልፉ ከማንኪያ ታስሮ እታፈራሁ በር ላይ ይውላል፤
እሷና እኔ በቆጣሪ ሂሳብ ዓመት ተኳርፈናል፣
ሰላምታ የለም። ግን ሌሊት የአባቴ ሳል ሲሰማ
አምፖል አብርታ የምትጠብቅ እሷ ናት በዚያ ጨለማ።

አባቴ፣ ጋሽ ወልደሰንበት፣ ዓይኑ ከጠፋ አራት ዓመቱ።
ግቢው በቁጥር ነው የሚታየው፣ በምርኩዙ ምቱ፦
ከአልጋው እስከ በሩ አራት፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው አሥራ አንድ፣
ከቧንቧው እስከዚያ ሃያ ሁለት፤ አንዲት ድንጋይ አለች፣
እግር ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቀጥ ያለ መንገድ።
ሕፃናቱ ብስክሌት ጥለው ከሄዱ በዚያ መስመር፣
«አንሱ! ጋሼ ይመጣሉ!» ይጮኻል የእታፈራሁ በር።

ማክሰኞ ብቻዬን ሄድኩ፣ ድልድዩን ተሻግሬ።
ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበሩ አሉ፤ ዘመድ የላቸውም።
ግድግዳው ላይ ክብ፣ ነጣ ያለ ቦታ፣ ሰዓት ተሰቅሎበት የኖረ፤
መስኮቱ ላይ ጠርሙስ ሙሉ ብሎን፣ ከጤፍ የደቀቀ፣ እዚያው የቀረ።
ሰው ካልሞተ ቤት አይለቀቅ። ይሄን ማሰብ አልወደድኩም።
የሽንት ቤቱን ገመድ ሳብኩ፤ ውሃው ወረደ። አላመንኩም፣
ደግሜ ሳብኩት፤ ደግሞ ወረደ።
አፍሬ ወጣሁ፣ የሰው ገንዘብ እንደነካ ሰው።

ሌሊቱን ተገላበጥኩ።
ጓዝ በመኪና ይጫናል፤ ደጅ በምን ይጫናል?
«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት አባቶች
ቅርቡ ሲርቅ ምን እንደሚባል ሳይነግሩን ሄደዋል።
ብቀርና በጋ ላይ ቢያፈርሱብንስ? ያኔ መስኮት ሦስት
ማን ያስታውሰኛል? ብሄድስ፣
ያኛውስ ቤት ይቆያል ያለው ማነው?

ረቡዕ እጁን ይዤ ወሰድኩት።
ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ልክ እንደ በሬ ገዢ።
አልጋው ይሆናል ካልኩት ቦታ ጀመረ፦ አንድ፣ ሁለት... ስድስት።
ገባ። በሩን ዘጋው።
መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲወርድ ሰማሁ።
አራት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ደጅ የቆምኩለት ሰው!
ብዙ ቆየ።
ሲወጣ «ኖራው ይሸታል» አለ ብቻ። መንገዱን ሁሉ ዝም።

ሐሙስ ሲመሽ እታፈራሁ ደጄ ቆመች፣ እጇን ከሻርፗ ሥር ደብቃ።
«ትሄዳላችሁ አሉ።»
«አልፈረምኩም።»
ማንኪያ አወጣች፣ አዲስ ቁልፍ የታሰረበት።
«ለሳቸው ነው ያስቀረጽኩት፣ ሌሊት እንዳያንኳኩ ብዬ።
ኩርፊያችን ነው ያዘገየኝ።»
ሂሳቡን አላነሳችም። እኔም።

ሌሊት ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ በሹክሹክታ ይቆጥራል፦
አራት። አሥራ አንድ። ሃያ ሁለት።
ዝም።
ከዚያ እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ... ሁለት...
አዳመጥኩ። ስድስት ላይ ቆመ።

ዓርብ ጠዋት መስኮት ሦስት ተሰልፌያለሁ፤ ከፊቴ ዘጠኝ ሰው።
እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ
እጄ የያዘው ማንኪያውን ነው።