እጥፋት

ሊድስ ገበያ፣ ከዓሣ ሻጩ ጎን፣ ከቁልፍ ቀራጩ ፊት፣
ሱቅ አለችኝ፣ አንዲት የስፌት መኪና ገብታ የሞላቻት።
ሱሪ ማሳጠር ስምንት ፓውንድ፣
ዚፕ መቀየር ዐሥራ አንድ፤
ከየሥራው አንዷን ፓውንድ፣ እጄ ሳይለምዳት፣ አነሣለሁ፣
ብስኩት በነበረበት ቆርቆሮ፣ ከአዝራሮቹ ሥር እቀብራለሁ።
አርብ እቆጥራለሁ። ቅዳሜ ባንክ አደርሳለሁ።

የሒሳቡ ስም «ኖላዊት» ይላል።
ባለሀብቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የፊት ጥርሷ ወልቋል።
እኔ የእኔን ጣሪያ ላይ ነበር የወረወርኩት፣ በነጻ፤
እዚህ ትራስ ሥር አድሮ፣ ፓውንድ ሆኖ ይነሣል ሲነጋ።
ቆርቆሮው ውስጥ ጣለችው። «ምን ልንገዛ ነው?» አለች።
መልሱ ረጅም ነበር፤ ሾርባው ገነፈለ፤ ረሳች።

መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ሁለት ቁጥር አስበልጬ ገዛሁ፤
አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፌ በላላ ክር ሰፋሁ።
ቁመቷ እዚያ ተኝቷል፣ ገና ያልደረሰችበት ቁመቷ፣
ከጉልበቷ በታች ታጥፎ፣ ሳታውቀው ባለቤቷ።
ስለ ቁጠባ የማውቀው ይኸው ነው።

ጥር ላይ የቤቱ ማሞቂያ ሞተ።
ትንፋሿ ብርድ ልብሷ ላይ ጉም ሲሠራ አየሁ፤
ከስድስት ዓመት ሰው ሦስት መቶ አርባ ፓውንድ ተበደርኩ።
በደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩ፦
«ለወይዘሪት ኖላዊት። አለብኝ። እከፍላለሁ።»
ዓሣ ሻጩ ግራሃም ምስክር ሆኖ ፈረመ፣
አማርኛውን ሳያነብ፤
ወረቀቱ እስከ ዛሬ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ሐምሌ ሲገባ ተመራቂዎች ይመጣሉ፣ ልብስ ሊያሳጥሩ።
አንዷ ወንበሬ ላይ ቆማ፣ እኔ ተንበርክኬ ከእግሯ፣
«አርባ አምስት ሺህ ፓውንድ ዕዳ አለብኝ» አለች፤
ሳቀች፤ ተንቀጠቀጠ ቀሚሷ።
አፌ ስፒል ይዞ ነበር፤ መልስ አልሰጠሁም።
ጫፉን ለካሁ። እንደገና ለካሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እውነት ነው፣ አምናለሁ፤
ክፍያው ግን ባቡር ተሳፍሯል፤ በመስኮት ሲያልፍ አየዋለሁ።

ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ ግራሃም ጋ ቆማ አመሸች፤
የማኬሬል ዓይን ቆጥራ፣ «ሳድግ ዓሣ ሻጭ ነኝ» አለች።
እሱ ሳቀ። «ርካሽ ነው» አለኝ፣ «ቢላዋውን እኔ እሰጣታለሁ።»
እኔም ሳቅሁ፤ ግማሹን።
ማታ ቀሚሷን ስተኩስ፣
እጥፋቱ ላይ ስደርስ ካውያውን አዘገየሁ፤
ክሩን ያላላሁት ለዚህም ሊሆን ይችላል፦
የሚፈታበት ቀን ሲመጣ፣
በየትም በኩል ብትረዝም፣
ጨርቁ እንዳይቀደድ።