ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

ሞላሌ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ የጥር ውርጭ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፤
አጀንዳ አንድ፦ «ወረዳውን መክፈል ወይስ አብሮ መቆየት»።
ጸሐፊው እኔ ነበርሁ፣ ሁለት እስክሪብቶ ታጥቄ፣
ባንዱ እየጻፍሁ፣ አንዱን እንዳይረጋ ብብቴ ሥር ወሽቄ።

ተነሣ አቶ እርገጤ፣ የላይ አገር ሰው፣
ዝተቱን ከትከሻው ገፎ ለጉባኤው አሳየው፦
«ይኸ» አለ «የአንድ በግ አይደለም ጠጉሩ፣
ነጭም ጥቁርም አለው፣ አብሮ ነው ማማሩ።
እንቅደደው ብትሉ ለማንኛችን ይበቃ?
ግማሽ ዝተት የለበሰ ሌሊቱን ሙሉ ሲነቃ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ጻፍሁ፦ «ተጨበጨበ»።

ሸዋረገድ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣
«ዝተቱስ መልካም ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ ተነሥታ፣
«ግን ይኸው ሠላሳ ዓመት እግሬ ከውጭ አደረ፤
ራስጌ የተኛ ሰው ስለ ብርድ መች ተናገረ?
ለአንዲት ማህተም ብዬ፣ በሐምሌ፣ ወንዝ ስገባ
በቅሎዬን ደራሽ ወሰዳት፤ ማመልከቻዬም አብሯት ገባ።»

ይኼኔ ማንም አላጨበጨበም። ምን ብዬ ልጻፍ?

ከዚያማ ሁሉም ባንድ አፍ።
ጀነሬተሩ ለማን? የማዳበሪያው ዕዳስ?
ወንበሩ አርባ ሁለት ነው፣ ሃያ አንድ ሃያ አንድ።
«እግር የሌላቸውስ ሦስቱ?»
ስብሰባው የሞቀው እዚህ ላይ ነው።
ቄስ ወልደየስ ድንበሩን ተጠይቀው «ጥዱ ነው» አሉ።
ጥዱ ከተቆረጠ ሰባት ዓመቱ፤
እስከ ምሳ ድረስ በጉቶ ተከራከርን።
ስድቡ ግን፣ ከዚህም ከዚያም፣ ያው አንድ ስድብ ነበር፤
አንዱ ሲጀምረው ሌላው ይጨርስለታል።

ያኔ ነው ሚስተር ራኦ ትዝ ያለኝ።

የሒሳብ መምህሬ፣ ደብረ ብርሃን፣ በስልሳ አንድ፣
ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ በብርድ፣
ከሕንድ ደብዳቤ ሲመጣለት ጠመኔውን ያስቀምጥና
ያነብ ነበር ጀርባውን ሰጥቶን፣ ወደ ሰሌዳው ዞረና።
አንድ ቀን ጠየቅነው።
«የእህቴ ባል ነው» አለ። «ቋንቋችን ቴሉጉ ነው፣ የሱም የኔም።
ቋንቋችሁ አንድ ነው ብለው ባንድ ግዛት ሰበሰቡን።
እሱ ከደረቁ አገር ነው፤ 'ውሃውም ሹመቱም ወደናንተ፣ እንለይ' ይለኛል።
እኔ ከወንዙ አፍ ነኝ፤ 'አብረን' እለዋለሁ።»
«ታዲያ በምን ትጣላላችሁ?» ብንለው ሳቀ፦
«በቴሉጉ ነዋ! በሌላ ቋንቋ ስድብ መች እንዲህ ይጣፍጣል?»

ዞሮም ጻፈልን፣ ግማሽና ሲሶ፦
«እነዚህን ለመደመር ታህታቸው አንድ ይሁን።»
«ለመቀነስስ?» አልሁት።
«ለመቀነስም» አለ።

ይህን አላሰፈርሁም። አጀንዳ አልነበረም።
የሰፈረው፦ «ለመክፈል መቶ አሥራ ሁለት፣
አብሮ ለመቆየት ዘጠና ስምንት፣
ድምፀ ተአቅቦ አንድ።»
ያ አንዱ የእርገጤ ነው። ስለ በቅሎዋ ከሰማ ወዲህ
እጁ ከዝተቱ ሥር አልወጣም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲያ፣ አንድ ማታ፣ ራዲዮ ስከፍት
የሚስተር ራኦ አገር ተከፈለ አሉ፣ ከስንት ዓመት ሙግት።
ማን እንደ ሳቀ አላውቅም፣ እሱ ወይስ የእህቱ ባል፤
ሁለቱም ከሌሉ፣ ያ ደብዳቤ የት ይኖር ይሆን?

እኛ ዛሬ ሁለት ማህተም አለን፤ ወንዙ ድልድይ የለውም።
«ከናንተ በኩል ይጀመር» እየተባባልን
ደብዳቤው ይመላለሳል፣ ባማረ አማርኛ።
ሸዋረገድ ልጇን ለእርገጤ ልጅ ድራለች፤
የልጅ ልጇን ለማየት፣ በሐምሌ፣
ሌላ በቅሎ ገዝታለች።