ሦስት ኮከብ እስኪታይ

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቢሮው ጭር ብሏል፤
ስላቫ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ቦርሳ ይዟል።
ወደ አፉላ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ
ሃያ ደቂቃ አለው ዮቅነዓም እስኪደርስ።
እኔ ግን አንድ መስመር፣ የአንዲት ኮማ ነገር
ቅርንጫፌ ላይ ቀርታኝ ሳትሻገር፣
ጻፍኩና ላክኋት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም፤
ሰርቨሩ ነቅቶ ያያል፣ አይረሳም፣ አይደክምም።
ደንቡን ያወጣሁለት እኔው ነኝ በጥቅምት፦
«ስሙ በብርቄ የጀመረ ቅርንጫፍ ያየህ ለት
ማንንም አትጠይቅ፣ ከግንዱ አትቀላቅለው፣
ለብቻው ገንባው፣ ለብቻው ፈትነው፤
ቢቆምም ቢወድቅም ለእሷ ብቻ ንገራት፣
ግንዱ ሰላም ይደር፣ ሌላ ሰው አይስማባት።»

ለብቻ መውደቅን የመሰለ ምን አለ?
ይህን ያገኘ ልጅ ምንኛ ታደለ!
እኔ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሠላሳ ልጅ እያየኝ፣
«ሬሽ»ን በጉሮሮ ሳይሆን በምላስ ጫፍ ሳነብ የሳቁብኝ።

አፉላ ስገባ ፀሐይ ወደ ቀርሜሎስ ዘንበል ብላለች።
አባዬ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል።
ስልኬ ጭርር አለች፦
ተራው ደርሶ ግንባታው ተጀምሯል።
መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

«ምን አለችሽ?» አለኝ።
«ሥራ ነው አባዬ፣ ማሽኑ ጀመረልኝ፤
እኔ እዚህ ቁጭ ብል እሱ ይሠራልኛል።»
«እስከ መቼ?»
«እንጃ። ፈተናው ብዙ ነው። ምናልባት ይመሻል።»
ዝም አለ። ጺሙን ዳበሰ። ከዚያ፦
«ሎሌሽም ይረፍ ተብሏል፣ አህያሽም ጭምር፤
ይሄ የምትይው ማሽን ከማን ነው የሚቆጠር?»

ስላቫ ቢሰማ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።
ለአሳንሰሩ ብልሃት ተገኝቷል፣ ለመብራቱም ሰዓት፤
ለቅርንጫፍ የሚፈርድ መጽሐፍ ግን አላየሁም።
ቀና ብዬ ሳይ፣ ፀሐይዋ ገብታለች።
አሁን ባስቆመው እጄ ነው የሚነካ፤
ብተወው፣ ሲለፋ ሊያድር ነው በእኔ ፈንታ ለካ።
ስልኬ መሳቢያው ውስጥ ሦስቴ ተንቀጠቀጠ፤
አባዬ እንዳልሰማ ዳቦውን ቆረጠ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሦስተኛው ፎቅ ታየኝ፣
ወንበሮቹ ባዶ፣ መስኮቱ ጨለማ፤
ማራገቢያው ሲዞር፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ሲበራ፣
እኔ አፉላ ተጋድሜ፣ ስሜ ብቻውን ሲሠራ።

ቅዳሜ ማታ አባዬ በረንዳ ወጥቶ ቆጠረ፦
«አንድ... አይ፣ ይሄ አውሮፕላን ነው።
አንድ። ሁለት።» ብዙ ቆየ። «ሦስት።»
መሳቢያውን ከፈትኩ።

ቀይ።
ያቺው ኮማ።
በተጀመረ በአርባ ሴኮንድ ነው የወደቀው፣
ፀሐይ ሳትገባ፣ አባዬ ገና ጺሙን ሲዳብስ፤
የተንቀጠቀጠው ወድቀሻል እያለ ሲመላለስ።
ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቁጭ ብሎ ሰንበቱን አረፈ።
እኔ ነኝ ስሠራ ያደርኩት።

እሑድ ጠዋት ኮማዋን ሳላስተካክል
ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦
«ዓርብ ፀሐይ ዘንበል ካለች፣
ሦስት ኮከብ እስኪታይ ብርቄን አትቀስቅስ።»
ስላቫ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፦
«ኮከቡን ማን ይቆጥራል?» ብሎ ጠየቀ።
«ሰው አለን» አልኩት፣
«አፉላ፣ በረንዳ ላይ።»