ረቡዕ ውሃ ሲመጣ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጣናን ልክ ለካሁ፤
ከወደቡ ዘንግ ሥር ማለዳና ማታ ወጣሁ፣ ወረድሁ፤
ወባ ሲያንቀጠቅጠኝም እጄን በእጄ ይዤ ጻፍሁ።

አሁን ጡረታ ነኝ።
አርባ ደብተር አለኝ፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው፤
«ፎቶ አንስተው ይላኩልን» አሉ የቢሮ ልጆች፣ «ምስጡ ሳይጨርሰው።»

ዴስክቶፗ የልጄ ናት፤ አግብታ ስትሄድ ትታልኝ፣
ከጓዳው ጥግ፣ በዳንቴል ተሸፍና የምትጠብቀኝ።
ዋይፋዩ ሳሎን ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ራስ፤
አረንጓዴ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ሥራ ያለው ይመስል፣ እስኪመሽ ድረስ።

የሰባ ሰባቱን ደብተር አስቀድሜ ሰደድሁ፤
ሦስት በመቶ።
ምሳ በላሁ፣
ጋደም አልሁ፣
ተነሣሁ፤
አራት በመቶ።
«በደንገል ታንኳ ብትልከው» አለች የዝና ከበሩ ቆማ፣
«ጎርጎራ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ይህኔ እራቱን ይበላ ነበር።»

አጠፋሁት። አበራሁት።
ከግድግዳው ነቅዬ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ ሰካሁት።
ደመናውን ወቀስሁ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ወቀስሁ፣
ቴሌ ደወልሁ፤ ግማሽ ሰዓት ክራር አስደመጡኝ፤
«መስመርዎ ጤነኛ ነው» አለች አንዲት ልጅ፣ «አባት።»
ጎረቤት ጠረጠርሁ፣ ይቅር ይበለኝ፣ የደመላሽን ልጆች፤
የይለፍ ቃሉን ቀየርሁና ቃሉን እኔው ረሳሁት፤
ሁለት ቀን ከገዛ ቤቴ ውጭ አደርሁ እንደማለት።

በሦስተኛው አንማው መጣ፣ ከገበያው ጀርባ ስልክ የሚጠግነው፤
ጠረጴዛው ሥር ገብቶ አቧራውን እፍ ሲለው፣
«አባባ፣ አንቴናዎቿስ?» አለኝ። ሁለት ባዶ ጉጥ።
ለካ የዝና አንዱን ለቲማቲም ችግኝ ምርኩዝ አድርጋዋለች፤
ሌላውን የበላው ጅብ አልጮኸም።
አዲስ ጥንድ አጠበቀላት፤ ሦስት መቶ ብር ቆጠርሁለት፤
ሰኞና ማክሰኞ ፈረስ ሆነች፤
ረቡዕ ማታ፣ ያው፣ ተንበረከከች።

ልማድ ክፉ ነው። አርባ አንደኛ ደብተር ገለጥሁ፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ፍጥነት፣ በሦስት ዓምድ አሰመርሁ።
ረቡዕ፦ አንድ። ሐሙስ፦ ሁለት። ዓርብ፦ ሦስት ተኩል።
እሑድ፦ ስድስት። ማክሰኞ፦ ዘጠኝ።
ረቡዕ፣ ተመልሶ፣ አንድ።
ሦስት ሳምንት ለክቼ ነጥቦቹን በመስመር ሳያይዝ
እጄ ቆመ።
ይህን ቅርጽ አውቀዋለሁ።
ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፤ ጣና ነው፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት፣
ማንም ሳያየው፣ በጣት በጣት፣
የሚጎድል ውሃ።

በቤቴ ውስጥ ምን ይጎድላል?
ቀና አልሁ።
በሳሎኑና በጓዳው መካከል፣ ኮሪደሩ ላይ፣
ሦስት ሰማያዊ በርሜል፣ እስከ አንገታቸው ሞልተው።
ቧንቧችን ረቡዕ ረቡዕ ነው የሚመጣው።

«ውሃ ሞገድ ይውጣል፣ አባባ» አለ አንማው፣
ቀድሞ ባለማየቱ አፍሮ፣ ጭንቅላቱን እያከከ።
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ነው የኖርሁት፤
ውሃ ሲጋርደው ግን ገና ዘንድሮ አየሁት።

«በርሜሎቹ ይነሡ» አልሁ።
የዝና አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ አልጽፍም።
በርሜሎቹ አልተነሡም።
የዋይፋዩም ገመድ አጭር፣ የጓዳው ሶኬት አንድ፤
ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ።

ከዚያ በኅዳር፣ በሽምብጥ፣ ቧንቧው ጭራሽ ደረቀ።
ሁለት ረቡዕ አለፈ። ሰፈሩ ጄሪካን አንጠልጥሎ ተራገመ፤
ሐይቁ ከዛፎቹ ማዶ ምንም እንዳልሰማ ያብለጨልጫል።
እኔ ፊቴን ሳልታጠብ ሠላሳ ስምንት ደብተር ላክሁ፤
የሰባ ሰባቱ፣ ሐይቁ ከዘንጌ የራቀበት ዓመት፣
በባዶ በርሜሎች መሃል ሽው ብሎ አለፈ።
ደስታዬን ከሚስቴ ደበቅሁ፣ እንደ ሌባ።

ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ፣ ስልሳ አንድ በመቶ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ቧንቧው አስነጠሰ፣ ዝገት ተፋ፣ አጉረመረመ፤
«መጣ! መጣ!» የዝና ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ፤
የመጀመሪያው በርሜል ሆዱ ሲያስተጋባ፣ ሲሞላ፣ ድምፁ ሲቀጥን፤
ስልሳ አንድ።
ስልሳ አንድ።

ተነሥቼ የውሃውን ጎማ ያዝሁላት።