ስንዝር ከአራት ጣት

መስኮቴ ስንዝር ናት፣ ስንዝር ከአራት ጣት፤
እጅ ብቻ ታያለች፣ ፊት የሚባል የላት።
የደብረ ብርሃን ብርድ ያኮማተረው እጅ
ባዶውን ይገባል ከላብራቶሪው ደጅ፣
ወረቀት ጨብጦ ደግሞ ይወጣል፤
«ቀጣይ!» እላለሁ፤ ሌላ እጅ ይመጣል።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፣ ደም በቀለም ነክሬ፣
በማይክሮስኮፕ አይቼ፣ በቁጥር ቀምሬ፣
ማን እንደሚያነበው ሳልጠይቅ ኖሬ፣
አንድ ቀን ሰማሁ የማንያዘዋልን ወሬ።

የሞላሌ ሰው ነው። ሲያስለው ከርሞ መጥቶ፣
«ኔጋቲቭ» አልኩት በመስኮት፤ ወጣ አንገቱን ደፍቶ።
መናኸሪያ ላይ ያገኘው ትኬት ቆራጭ ልጅ
«ባትሪ ላይ የመቀነሷ ናት፤ ደግ አይደለችም እንጅ» አለው።
ምንም የሌለበት፣ ጤነኛው ማንያዘዋል፣
በሳምንቱ ሁለት በግ ሸጦ፣ ለንስሐ አባቱ ተናዟል።
ቃሉን ሰጥቼው ነበር፤
ትርጉሙ ግን ከመስኮቱ አልወጣም።

ለሌላውም እንላለን፦ «ካልደወልን ደኅና ነህ»፣
ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ለሚያድር ሰው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰላ ድንጋይ ሲኖር
መርዶ ነጋሪ ነበር።
ሳይነጋ ይሄዳል፣ ጎረቤት አስከትሎ፤
ሰውየው ቁጭ እስኪል አይናገርም ቸኩሎ።
«ሞተ» ይላል «ሞተ»፣ ቃሉን በገዛ ስሙ፤
«ደከም ብሎታል» ማለት አልነበረም በደሙ።
ተናግሮም አይነሣም። ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ
ከዚያው ነው፣ ያ ቤት አልቅሶ እስኪጨርስ።

ለሞተ ሰው ወሬ ይህን ያህል ወግ ካለን፣
በቁሙ ላለው ሰው ስንዝር መስኮት በምን በቃን?

ሰኞ ለት ፖስታ መጣ፣ የእትዬ ጥሩአየር፤
ከጡታቸው እብጠት የተወሰደው ናሙና ነበር።
ዶክተሯን ጠርቼ፣ መስኮቴን ዘግቼ፣
ከአግዳሚው ጫፍ አረፍኩ፣ ከጎናቸው ገብቼ።
ገና «እትዬ...» ስንል፣ «በቃ፣ ልጆቼ» አሉን።
«ስትቀመጡ አወቅሁት። ከጧት ስንቱ ዋለ!
ከእኔ በቀር ቁጭ ያላችሁለት ማን አለ?»

ዶክተሯ አልሸሸችም። «ካንሰር ነው» አለች።
ምን እንደሚቆረጥ፣ ምን እንደሚተርፍ ነገረቻቸው፣ ቀስ ብላ።
የሕክምናውን ቀን፣ የሚሳፈሩበትን ሰዓት፣
ለሚያነብላቸው ልጅ በጉልህ ፊደል ጻፈች፤
የራሷን ስልክ ከታች።
«ባቄላው ይታጨድና በኅዳር ብመጣስ?»
«ባቄላው ይቆይ» አለች። ተያዩ። ነፋስ
የኮሪደሩን በር ሁለቴ አጋጨው።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም፣ ደኅና ለሆነም ጭምር፣
ወጥቼ ቁጭ እላለሁ፣ የመርዶ ብቻ እንዳይሆን ወንበር።
ሰልፉ ተጓተተ፤ አለቃዬ ተቆጣ፤
ትናንት አንድ ጎልማሳ፣ ገና ቁጭ ስል፣ ፊቱ አመድ ሆኖ ነጣ።
«ስኳር የለብህም» አልኩት። «ምንም የለብህም።»
ትንፋሹን ዋጠና አፈጠጠብኝ፦
«ታዲያ ምን አስቀመጠህ?»