ጭብጥ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ሞንቴቪዴዮ፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
ከጨረሩ ክፍል አንድ በር አለፍ ብሎ፣ አለች አንዲት ሴት፤
ሥራዋ የሰው እጅ መመዘን ነው፣ በብረት እጀታ፣ መርፌ ባለው ሰዓት።
«ጨብጥ፣ ዶን ኡልፒያኖ! ባለ በሌለ ኃይል!»
እጨብጣለሁ። መርፌው ቀና ይላል።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሃምሳ ሁለት ኪሎ፣
መርፌው ከመስታወቱ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው ዘሎ።
«ምን ይገርማል?» አልኳት፣ «አርባ ዓመት ሙሉ፣ በታኩዋሬምቦ ሜዳ፣
በቀን መቶ በግ የሸለተ ክንድ ነው፣
ከሱፍ ቅባት በቀር የማንም የሌለበት ዕዳ።»

ከዚያ ጭምብሉ መጣ፣ አንገቴን ከጠረጴዛው ቆልፎ።
(ዕጢው ጉሮሮዬ ነው፤ እንደ ቁራሽ፣ ሳይዋጥ ቀርቶ፣ ተለጥፎ።)
ሠላሳ አምስት ቀን ብርሃን በላዬ አለፈ፤
አልሞቀኝ፣ አልበረደኝ፤ ማሽኑ ብቻ አንጎራጎረ፣ አረፈ።

አርባ ስድስት። አርባ አራት። አርባ አንድ።
ሾርባ እንኳ እንደ እሾህ እየቧጠጠ ሲወርድ፣
ጭኔ ከሱሪዬ ውስጥ እየሸሸ ሲሄድ፣
ዴልሚራ ቀበቶዬን በምስማር በሳችው፤
ሁለተኛውን ቀዳዳ ስትበሳ ዓይኗን ወደ መስኮት አዞረች በግድ።

ሐኪሙን ጠየቅሁት፦ «የተኮሳችሁት አንገቴን፤ እጄ ምን አጠፋ?»
«ድካም ሰፈር አይመርጥም» አለኝ። «ያልበላ ጡንቻ ራሱን ይበላል፣
የተኛም ይከሳል፤ ተነሣና ግፋ።»

ብርሃን ክብደት የለውም ይላሉ፣ ሚዛን ላይ አይወጣም፤
ታዲያ አሥራ አንድ ኪሎ ከጭብጤ ወስዶ የት አኖረው?
የሚነግረኝ ሰው አልመጣም።

በጥቅምት ቤቴ ገባሁ። አረንጓዴ ላስቲክ ከአጥሩ ምሰሶ አስሬ
አሥር ጊዜ እስባለሁ። ውሻው ያዛጋል።
ምሰሶውን የተከልኩት እኔ ነበርኩ፤
እሱ ይጎትተኛል ዛሬ።

ሽለታው ተጀምሯል። የወንድሜ ልጅ ሮሚና
ከአንዲት እምቢተኛ በግ ትታገላለች፣ ላቧ በአገጯ እየወረደ።
«በክንድሽ አይደለም» አልኳት፤ «ጉልበትሽን አስጠጊ፣
ጉልበት ያለው እዚያ ነው። በቂጧ አስቀምጫት፤
እግሯ መሬት ካጣ፣ ያ ሁሉ መፈራገጥ በረደ።»
አሳያት ብዬ መዳፌን በበጓ ደረት ላይ ጣል አደረግሁ።
አልጨበጥሁም።
ልቧ ይመታል ከእጄ ሥር፤ ቀስ በቀስ ረጋች።
መቀሱ እስኪያልቅ እዚያው ቆየሁ።
ስንት ኪሎ ነበር ያ?

ሐሙስ ደግሞ፣ ሠላሳ ዘጠኝ።
ግራሲዬላ ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ አየችኝ።
«ጻፊው» አልኳት፣
«ከአንዲት በግ በቀር ሌላ ምስክር የለኝ።»